ለቀን እንቅልፍ መኝታ ቤትን ማጨለም፦ ባሕር ዳር ላይ ናይት ለሚገቡ

«ጥቁር መጋረጃ ገዝቼ ሰቀልኩ። ክፍሉ ግን አሁንም ብርሃን ነው። ምን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። አብረውኝ ናይት ከሚገቡ ነርሶች፣ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች፣ ከዳቦ ቤት ልጆች፣ ከጥበቃዎች። አንድ ጊዜ ሌሊቱን ጣና ላይ አድሮ መረብ የሚያነሣ ልጅም ጠይቆኛል። ሁሉም የሚነግሩኝ ስለ ጨርቁ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጨርቁ አይደለም፤ የዳርና ዳሩ ነው። ብርሃን የሚገባው በመጋረጃው ራስ፣ በጎንና በጎኑ፣ በእግሩም በኩል ነው።

ባሕር ዳር ላይ ሌላም ነገር አለ፤ ሙቀቱ። ክፍሉን ድፍን አድርጋችሁ ከዘጋችሁት በእርግጥ ይጨልማል። ግን በሚያዝያ ወር ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ በላብ ተጠምቃችሁ ትነሣላችሁ። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። ብርሃኑን እንከለክላለን፤ አየሩን እናሳልፋለን። ይቻላል። ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ አየር ግን ይታጠፋል። ከታች ያለው አሠራር በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

እኔ ራሴ ለዓመታት ናይት የገባሁ ነርስ ነኝ። ከዚህ በታች የጻፍኩት በራሴ የኪራይ ቤትና በጓደኞቼ ቤት የሠራሁትን ነው።

ለምን ይህን ያህል መድከም?

ዓይናችን ሥራው ማየት ብቻ አይደለም። ብርሃን ሲያርፍበት «ነግቷል» ብሎ ለአንጎል የሚናገር ክፍል አለው። ያን ጊዜ ሜላቶኒን የሚባለው የሌሊት ሆርሞን ይቀንሳል፤ እንቅልፉም ይሳሳል። ዓይን መጨፈን ብቻውን አይበቃም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ፀሐይ ብትዞሩ ቀይ ሆኖ ይታያችኋል፤ ይህ በዓይን ቆባችሁ አልፎ የገባ ብርሃን ነው።

ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች። ቀትር የሚሆነው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሥራ 2 ሰዓት ወጥታችሁ 3 ሰዓት ላይ ብትተኙ፣ የምትተኙት ብርሃኑ በሚበረታበት ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። የከተማችን ከፍታ 1,800 ሜትር አካባቢ ነውና ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ፀሐዩ ኃይለኛ ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን አንብቡ

ከሰል ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ይህን ሥራ ስትጨርሱ ክፍላችሁ ከበፊቱ ይልቅ የታፈነ ይሆናል። ቡና ያፈላችሁበት ምድጃ፣ አመድ የለበሰ ፍም እንኳ ቢሆን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ምድጃው ውጭ ይደር። ጄኔሬተርም እንዲሁ፤ በመስኮታችሁ አጠገብ አይቁም።

መስኮቱን በምስማር አትቸንክሩ። እሳት ቢነሣ በጨለማ ውስጥ ሆናችሁ በአንድ እጅ ስባችሁ የምትከፍቱት መሆን አለበት።

ሻማና ኩራዝ ከመጋረጃው አርቁ። መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪ ተጠቀሙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ወርዱም ቁመቱም 120 ሴንቲ ሜትር ለሆነ መስኮት ነው የጻፍኩት። የእናንተ ከተለየ በደረጃ 3 ያለውን ስሌት ተከተሉ።

- ሜትር፣ እርሳስ፣ ጠመኔ፣ መቀስ
- ብላክአውት ጨርቅ (ብርሃን እንዳያሳልፍ ተብሎ የተሠራ)፦ የጥቅሉ ወርድ 280 ሴንቲ ከሆነ 2 ሜትር ከ65፤ ወርዱ 140 ከሆነ 3 ሜትር ከ70
- ብላክአውት ካልተገኘ፦ በዚያው ልክ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ፣ ከጀርባው የሚሰፋ ነጭ አቡጀዴ
- 160 ሴንቲ የመጋረጃ ብረት፣ ከግድግዳው 8 ሴንቲ ያህል የሚርቅ መያዣ ያለው
- ቬልክሮ፣ 4 ሜትር (ቦርሳና ጫማ ላይ ያለው፣ ሲላቀቅ ጠረር የሚለው ማጣበቂያ)
- ኮምፔርሳቶ ወይም ቀጭን ሳንቃ። ለጊዜው ከሆነ ወፍራም ካርቶን ይበቃል
- የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም፣ ትንሽ
- ትራፓኖ (የግድግዳ መብሻ ማሽን)፣ ፊሸር (ቪሱን እንዲይዝ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ፕላስቲክ) እና ቪስ። ለጭቃ ቤት ሞራሌና ረጅም ምስማር
- ጥቁር ፕላስተር
- የመስኮት ወንፊት
- ሰሌን ወይም ከደንገል የተሠራ ምንጣፍ፣ ሲባጎ
- አሮጌ ጨርቅ፣ ለበሩ ሥር

ትራፓኖ አትግዙ። ከአናጢ ለግማሽ ቀን ተዋሱ ወይም እሱኑ ጥሩት። ጨርቁን ቅዳሜ ገበያ ዞር ዞር ብላችሁ ፈልጉ፤ የመጀመሪያውን ሱቅ ዋጋ አትመኑ።

አሠራሩ

1. ብርሃኑ በየት እንደሚገባ ፈልጉ።

በምትተኙበት ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ፣ በሩንና ያለውን መጋረጃ ዝጉ። መብራት አጥፉ። አልጋው ላይ ተቀምጣችሁ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ስልካችሁን አትክፈቱ።

20 ደቂቃ ያልኩት በምክንያት ነው። ዓይን ጨለማን የሚለምደው ቀስ እያለ ነው። እንደገባችሁ ያላያችኋት ክር የምታክል ብርሃን ከሩብ ሰዓት በኋላ ፍንትው ብላ ትታያለች። ስታንቀላፉ የምትረብሻችሁም እሷው ናት። ያያችሁትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። የመስኮቱን ራስ፣ ጎን፣ እግር፣ የበሩን ሥር፣ የቁልፉን ቀዳዳ፣ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትን፣ የቆርቆሮውን የምስማር ቀዳዳ። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ ገበያ ይወጣል። ከዚያ በትክክል የተሰፋ መጋረጃ ሰቅሎ ብርሃኑ በበሩ በኩል ሲገባ ያገኘዋል።

2. መስኮታችሁ ወዴት እንደሚያይ እወቁ።

ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ልክ ከሥራ ገብታችሁ ስትተኙ ፀሐይ ይመታዋል። ወደ ምዕራብ የሚያየው ከሰዓት በኋላ ይግላል። ሁለቱም ከውጭ ጥላ ይፈልጋሉ፤ ደረጃ 9 ላይ እመጣበታለሁ።

«የእኔ ወደ ሰሜን ነው፤ ፀሐይ አያገኘውም» የምትሉ ተጠንቀቁ። እኛ ዘንድ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምታዘነብለው ወደ ሰሜን ነው። በጥር ጥላ የነበረ መስኮት በግንቦት ፀሐይ ይገባበታል።

ሐይቁ ፊት ለፊት ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ፀሐይ ውሃው ላይ አርፋ ስትመለስ ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ኮርኒሱ ላይ የሚወዛወዝ ብርሃን አይታችሁ ከሆነ ይኸው ነው። ለእናንተ የመጋረጃው እግር ከራሱ እኩል አስፈላጊ ነው።

3. ለኩ።

የምትለኩት መስታወቱን ሳይሆን የመስኮቱን ሙሉ ክፍተት ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ከዚያ እንዲህ ደምሩ።

ወርድ፦ 120 ለመስኮቱ፣ 20 በቀኝ፣ 20 በግራ። በሁለቱም በኩል ወደ ግድግዳ ለሚታጠፈው ደግሞ 8 እና 8። ድምሩ 176። ጨርቁ ሳይወጠር እንዲወርድ በአንድ ተኩል አባዙት፤ 264 ይመጣል።

ቁመት፦ 120 ለመስኮቱ፣ 15 ከላይ፣ 30 ከታች። ድምሩ 165። ለላይና ለታች እጥፋት 20 ጨምሩ፤ 185።

በጎን 20 ሴንቲ ለምን? ብርሃን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን በሰያፍም ይገባል። መጋረጃው ከመስኮቱ ጋር እኩል ካለቀ በዳሩ ሾልኮ ክፍሉን ያቋርጣል። 20 ሴንቲ ካለፈ ግን መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያርፋል። በታች 30 ያልኩት ለአየሩ ገንዳ ነው፤ ደረጃ 8 ላይ ይገባችኋል።

የብረት መስኮት ያላቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ ከውስጥ ግሪል አላቸው። ግሪሉ ወደ ክፍሉ የሚወጣ ከሆነ የብረቱ መያዣ ከእሱ የሚያልፍ መሆኑን አረጋግጡ።

4. ጨርቁን ሱቁ ውስጥ ፈትኑት።

የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ከጨርቁ ጀርባ አስጠጉት። ጨርቁ ነጠላውን ይሁን፤ አትደርቡት። ብርሃኑ ጭራሽ ካልታየ ብላክአውት ነው። ነጠብጣብ ወይም ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ካያችሁ አይደለም፤ ሻጩ የፈለገውን ቢላችሁ።

ቀለሙ አያታላችሁ። ስስ ጥቁር ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል። ጀርባው በሚገባ የተለበጠ ነጭ ጨርቅ ግን ይይዛል። የሚይዘው የሽመናው ጥብቀትና ልባጡ ነው። ወደ ውጭ የሚያየው ፊት ነጭ ወይም ብርማ ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ። ጥቁር ፊት ሙቀቱን ውጦ ወደ ክፍሉ ያስገባዋል፤ ነጩ ወደ መስታወቱ ይመልሰዋል።

5. አሰፉት።

ለልብስ ሰፊው ሦስት ነገር ንገሩት።

አንደኛ፣ ራሱ ላይ የብረት ቀለበት እንዳይበሳበት። እያንዳንዱ ቀለበት ሲታጠፍ ክፍተት ይፈጥራል። ብረቱ በውስጡ የሚያልፍበት ቱቦ ይስፋለት።

ሁለተኛ፣ የተለበጠ ጨርቅ ላይ መርፌ የገባበት ቀዳዳ አይደፈንም። ወርዱ 140 የሆነ ጨርቅ ገዝታችሁ ሁለቱን የምታጋጥሙ ከሆነ ስፌቱ መሐል ላይ እንደ ከዋክብት ይታያል። ሁለቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ይደራረቡ፤ ከጀርባው ጥቁር ፕላስተር ለጥፉበት።

ሦስተኛ፣ የታችኛው እጥፋት ውስጥ ክብደት ይግባ። ትንንሽ ብሎኖች ወይም ቀጭን ሰንሰለት ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ባዶ ጨርቅ ያንሣፍፋል፤ ባነሣፈፈው ቁጥር ክፍሉ ቦግ ይላል።

6. ብረቱን ስቀሉ።

ከመስኮቱ ራስ 15 ሴንቲ ከፍ ብላችሁ፣ በቀኝም በግራም 20 ሴንቲ አልፋችሁ ምልክት አድርጉ።

ብሎኬት ቤት ከሆነ በ8 ቁጥር መብሻ በስታችሁ ፊሸር አስገቡ፣ ከዚያ ቪሱን እሰሩ። ያለ ፊሸር የገባ ቪስ ለሳምንት ይይዝና ይወድቃል። ማብሪያ ማጥፊያ ወይም ሶኬት ባለበት ትክክል፣ ከላዩም ከታቹም አትብሱ። ሽቦው ብዙውን ጊዜ በዚያ መስመር ነው የሚሄደው። መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት አትርሱ።

ጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው አይይዝም። ግድግዳውን አንኳኩ፤ ድምፁ ድፍን ያለበት ላይ ምሰሶ አለ። ከምሰሶ ምሰሶ ሞራሌ በምስማር አጋድሙና መያዣውን ሞራሌው ላይ እሰሩ።

7. ራሱንና ጎኖቹን ዝጉ።

ከመጋረጃ በላይ ያለው ክፍተት ትልቁ የብርሃን በር ነው። በዚያ የገባው ብርሃን ኮርኒሱን ይመታል፤ ኮርኒሱ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ስለሆነ ክፍሉን ሁሉ ያበራዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ወርዱ 15 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 165 የሆነ ሳንቃ ከብረቱ በላይ እንደ መደርደሪያ አጋድሙ። ከግድግዳው ጋር መግጠም አለበት። ግድግዳው ወጣ ገባ ከሆነ ከጀርባው የታጠፈ ጨርቅ ጠቅጥቁ። ከሳንቃው ፊት 10 ሴንቲ የሚወርድ ጨርቅ ወይም ካርቶን ስቀሉ።

ለጎኖቹ ቬልክሮውን ተጠቀሙ። አንዱን ወገን ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ለጥፉ፤ ሌላውን መጋረጃው ዳር ላይ አሰፉ። ስትተኙ በእጃችሁ ደበስ ደበስ እያደረጋችሁ ታጣብቁታላችሁ፤ ስትነሡ ጠረር አድርጋችሁ ትከፍታላችሁ። ቀለሙ የሚፈረፈር ግድግዳ ላይ ማጣበቂያው ብቻውን አይይዝም። እንደዚያ ከሆነ ቀጭን እንጨት አቁሙና በእሱ ላይ ለጥፉ።

8. የአየሩን ገንዳ ሥሩ።

ይህ ደረጃ ጊዜ ይወስዳል። ብትዘሉት ግን ከጥር በኋላ እየሞቀ ሲመጣ መጋረጃውን ራሳችሁ ትገነጥሉታላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ነገር ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። በመጋቢት አንድ ቀን ራሴን እያመመኝ ነቃሁ፤ መስኮቱንም ከፈትኩ፤ እንቅልፉም በዚያው ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስኮቱ በታች፣ ግድግዳው ላይ፣ እንደ ከብት ማጠጫ ያለ ጠባብ ገንዳ ትሠራላችሁ። የመጋረጃው እግር ገንዳው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ወለሉን ግን አይነካም። አየሩ በተከፈተው መስኮት ገብቶ ከመጋረጃው ጀርባ ይወርዳል፤ በእግሩ ሥር ያልፋል፤ በገንዳው ፊት በኩል ወደ ላይ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ብርሃኑ ግን ሁለት ጊዜ መታጠፍ ስለማይችል ጥቁሩ ቀለም ላይ ይቀራል።

ልኩ ይህ ነው፦

- ወለሉ፦ ወርዱ 15 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 165 የሆነ ሳንቃ። ከመስኮቱ እግር 37 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ይታሰር።
- ፊቱ፦ ከፍታው 25 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 165። ከወለሉ ዳር ላይ ይቁም።
- ጎኖቹ፦ ሁለት ትንንሽ ቁራጮች፣ 15 በ25።
- ጀርባው፦ ጥቁር የተቀባ ካርቶን፣ ግድግዳው ላይ የሚደገፍ።

መጋረጃው ከመስኮቱ 30 ሴንቲ ወርዶ ያልቃል። ገንዳው 37 ላይ ስለሆነ ከሥሩ 7 ሴንቲ ክፍተት ይቀራል። የገንዳው ፊት ከመጋረጃው ጫፍ 18 ሴንቲ ወደ ላይ ያልፋል። ይህን መደራረብ አትቀንሱት፤ ብርሃኑን የሚይዘው እሱ ነው። ክፍተቱንም ከ5 ሴንቲ በታች አታድርጉት፤ አየሩ ይታነቃል።

ውስጡን በሙሉ ጥቁር ቀቡት። የሚያብለጨልጭ ቀለም እንደ መስታወት ብርሃኑን እየመለሰ ስለሚያሳልፈው የደበዘዘውን ምረጡ። ግድግዳውን ራሱን ግን አትቀቡት። የአከራያችሁ ጉዳይ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ ቤታችሁ የወባ መከላከያ ኬሚካል የተረጨ ከሆነ በላዩ ላይ ቀለም ሲደረብ መድኃኒቱ ትንኟን መንካት ያቆማል። ካርቶኑ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አየር የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትም ያስፈልገዋል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው ከፍ ብሎ ይሁን። በበሩ ራስ ላይ ያለው መስታወት የሚከፈት ከሆነ ክፈቱትና ከፊቱ በ5 ሴንቲ ርቀት ከሁሉም ወገን 15 ሴንቲ የሚያልፍ ጥቁር ካርቶን አቁሙ። ጭቃ ቤትና የቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ግድግዳው ከጣሪያው የሚገናኝበት ክፍተት ራሱ መውጫ ነው። አትድፈኑት፤ ፊት ለፊቱ ጥቁር ጨርቅ ከላይ ወደ ታች አንጠልጥሉበት። የቆርቆሮውን የምስማር ቀዳዳ ግን ድፈኑ። ዝናብም ብርሃንም ነው የሚያስገባው።

መስኮቱ ተከፍቶ የሚውል ስለሆነ ወንፊት ግጠሙበት። የወባ ትንኝ በብዛት የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ቀን ቀን ግን ጨለማና እርጥብ ቦታ ፈልጋ ታርፋለች፤ እናንተ ደግሞ ልክ እንደዚያ ያለ ክፍል እየሠራችሁላት ነው። ስለዚህ ቀንም ቢሆን አጎበር ውስጥ ተኙ።

9. ከውጭ ጥላ አድርጉ።

ፀሐይ መስታወቱን ካለፈች በኋላ ሙቀቱ ገብቷል። ከውስጥ ያለ መጋረጃ ብርሃኑን ይይዛል፤ ሙቀቱን ግን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ስለዚህ ለምሥራቅና ለምዕራብ መስኮት ሰሌን ወይም የደንገል ምንጣፍ ከውጭ ስቀሉ። ከመስታወቱ ቢያንስ 10 ሴንቲ ይራቅ፤ በመሐል አየር ይለፍ። ራሱንም እግሩንም በሲባጎ እሰሩ፤ አለበለዚያ ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ያንኳኳባችኋል። በክረምት አውርዱት። ዝናብ ከጠጣ ይሻግታል።

10. በሩንና ጥቃቅኑን ጨርሱ።

አሮጌ ጨርቅ እንደ ክንድ ወፍራም አድርጋችሁ ጠቅልሉና በበሩ ሥር አኑሩ። የቁልፉን ቀዳዳ ቁልፉን እዚያው በመተው ትዘጉታላችሁ። የሪሲቨርና የቻርጀር መብራት ላይ ቁራጭ ጥቁር ፕላስተር ለጥፉ።

11. እንደገና ፈትኑ።

በዚያው በ4 ሰዓት፣ በዚያው 20 ደቂቃ። ክንዳችሁን ዘርጉ። ጣቶቻችሁን መቁጠር ካቃታችሁ ሥራው አልቋል። ከታያችሁ ብርሃኑ የሚመጣበትን ተከተሉና በጨርቅ ወይም በፕላስተር ዝጉት። በሦስተኛው ሙከራ ያለቀለት ሰው ጎበዝ ነው፤ በመጀመሪያው ያለቀለት ግን አላየሁም።

ለነገ ጠዋት ብቻ የሚሆን

ዛሬ ማታ ናይት የምትገቡ ከሆነና ምንም ካላዘጋጃችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ከመጋረጃው ብረት ላይ ጣል አድርጉ። ጎኖቹን በልብስ መቆንጠጫ ያዙ። ነጠላ አራት አጥፋችሁ ዓይናችሁ ላይ አድርጉ፤ አፍንጫችሁን አትሸፍኑ። ከሥራ ስትመለሱ ጥቁር መነጽር አድርጉ። የጠዋቱን ፀሐይ በመንገድ ላይ ከጠጣችሁ በኋላ ቤት ገብቶ ማጨለም ግማሽ ሥራ ነው። ባጃጅ ወይም ሞተር የምትነዱ ግን መነጽሩ ይቅር። እንቅልፍ የተጫነው ሰው ያለውን እይታ ሁሉ ይፈልገዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ፎይል መስታወቱ ላይ መለጠፍ። ርካሽ ነው፤ ያጨልማልም። ግን ከኋላው እርጥበት ይጠራቀማል፤ በሐምሌ የመስኮቱ ብረት ይዝጋል። ጥቁር ፕላስቲክ ደግሞ ይብሳል። መስታወቱ መሐሉ ይግላል፤ በፍሬሙ ጥላ ያለው ጠርዙ ቀዝቀዝ እንዳለ ይቀራል፤ በዚህ ልዩነት ሊሰነጠቅ ይችላል። ፎይል ካስፈለጋችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉትና የሚያብለጨልጨውን ወደ ውጭ አዙራችሁ፣ ከመስታወቱ 3 ሴንቲ አርቃችሁ አቁሙት።

ጨርቁን በመስኮቱ ልክ መግዛት። ከ10 ሰው ጋር ይህን ተነጋግሬያለሁ። ልኩ መስኮቱ አይደለም፤ መስኮቱና ዙሪያው ነው።

መጋረጃውን ወጥሮ መስቀል። የተወጠረ ጨርቅ ጎኑ ከግድግዳው ይሸሻል። በአንድ ተኩል የምናባዛው ለዚህ ነው።

ከተነሡ በኋላም ዘግቶ መዋል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። ሰውነት መንቃቱን የሚያውቀው በብርሃን ነው፤ ስለዚህ እንደነቃችሁ ክፈቱት። ክፍሉም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ካልተናፈሰ በክረምት ግድግዳው ይሻግታል።

አልጋን ከመስኮቱ ሥር ማድረግ። ገንዳው ፊት ላይ ብርድ ልብስ ሲደገፍበት አየሩ ይዘጋል። አልጋውን ቢያንስ አንድ ክንድ አርቁት።

አያያዝ

የተለበጠ ጨርቅ በፈላ ውሃ አይታጠብም፤ አይጠመዘዝም። ልባጡ ይሰነጠቅና ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና ጀርባውን አብሱ፤ ጥላ ላይ አስጡ። ካውያ አታስነኩት።

ገንዳው አቧራና የሞቱ ነፍሳት ይሰበስባል። በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በየመስከረሙ ደግሞ ወንፊቱን አውርዳችሁ እጠቡ፤ ካርቶኑ ከክረምቱ እርጥበት ካበጠ ቀይሩት። ኮምፔርሳቶ ከሆነ ቀለሙን ብቻ ማደስ ይበቃል።

ተከራይ ከሆናችሁ ከመብሳታችሁ በፊት አከራያችሁን ጠይቁ። እትዬ ወይም ጋሼ «ብሱ» ካሉ በኋላ የሚመጣ ጭቅጭቅ የለም። ስትለቁ የቬልክሮው ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ይቀራል። በስለት አትፋቁት፤ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። የዘይት ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት አስነክታችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ ከዚያ በሳሙና ጨርቅ አብሱት። የውሃ ቀለም ላይ ግን ዘይቱ እድፍ ስለሚተው ለብ ባለ ውሃ እያረጠባችሁ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አንከባሉት። የፊሸሩን ቀዳዳ በጂፕሰም ድፈኑትና ሲደርቅ ቀለም ንኩት።